ያልተጠራው መመለሻ

በዳንስ አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ የዳንሰኞች ካሬዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው መዞር ጀመሩ። በሦስተኛው ካሬ ውስጥ ግን ላይል ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት እንደዘረጉ ብቻቸውን ቀሩ።

ያ እጅ ከአንድ አፍታ በፊት የማርሊስን እጅ ይዞ ነበር። የአሥራ አራት ዓመቷ ማርሊስ ለቃው ሄዳ፣ ፊት ለፊት ከቆሙት ከራሷ ጥንድ፣ ከሽማግሌው ከኤልዶን ጎን ገብታለች። እዚያ ደግሞ የላይል ልጅ ሮክሳን ቀድማ ቆማ ስለነበር፣ ኤልዶን በሁለት ልጃገረዶች መካከል ተጣብቀው፣ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲህ ተፈላጊ መሆናቸውን ሚስታቸው እንዳትሰማ ለመኑ። ከግድግዳው ሥር ከተደረደሩት ወንበሮች አንድ ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ላይል ግን ሰሙት።

«ችግር የለም» አሉ የማርሊስ አያት ኦርቪል፣ ከመድረኩ ላይ በማይክሮፎን። «የጠፋበት ሰው ወደ ቦታው ተመልሶ ይጠብቀኝ። ላይል፣ ወንድሜ፣ ጆሮህን ስጠኝ፤ እግርህ ራሱ ይከተላል።»

ላይል ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ቀልቶ ነበር። በየከብት እርባታው የቆሙትን የንፋስ ወፍጮዎች የሚጠግኑ ሰው ናቸው፤ በኅዳር ብርድ ማማው ጫፍ ላይ ወጥተው ብሎን ሲያጠብቁ እጃቸው አይንቀጠቀጥም። አሁን ግን ያንን ባዶ እጅ የት እንደሚያኖሩት ጠፋባቸው፤ በመጨረሻ ኪሳቸው ከተቱት።

ማርሊስ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ላይል አልተሳሳቱም ነበር። የተሳሳቱት አያቷ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካሬ ዳንስ ስምንት ሰዎች፣ አራት ጥንድ ሆነው፣ በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ይቆማሉ። ማንም በራሱ ፈቃድ አንድ እርምጃ አይራመድም፤ ማይክሮፎን የያዘው አውራጅ ቀጣዩን እርምጃ በዜማ ይጠራል፤ እነሱም የተጠራውን ያደርጋሉ። «የሴቶች ልውውጥ» ብሎ ሲጠራ፣ ሴቶቹ በካሬው መሐል ተላልፈው ፊት ለፊት ወዳለው ወንድ ይሻገራሉ። ቀጥሎ መመለሻውን ይጠራል፤ ሴቶቹም በመጡበት መንገድ ወደ ጥንዶቻቸው ይመለሳሉ። መመለሻው ካልተጠራ እያንዳንዱ ወንድ የሌላውን ጥንድ እንደያዘ ይቀራል።

ኦርቪል በዚያ የገበሬዎች ማኅበር አዳራሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያወርዱ መመለሻውን ረስተው አያውቁም ነበር። ከመስከረም ወዲህ ግን ልውውጡን ጠርተው መመለሻውን ይዘሉታል። ይባስ ብሎ መዝለላቸውን አያውቁም።

በአዳራሹ የቆየ አንድ ሥርዓት ነበር። ነባር ዳንሰኞች በየዓመቱ ከጀማሪዎች ጋር ተቀላቅለው ይደንሳሉ፤ በዚህም «መላእክት» ይባላሉ። መልአክ ጀማሪውን በእጁ ይመራል፤ አውራጁ በሚያስተምርበት ጊዜ ግን አፉን አይከፍትም። ማርሊስም የመልአክነቱን ባጅ ደረቷ ላይ ከለጠፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኦርቪል መመለሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ የዘለሉ ዕለት መላእክቱ ማንም ሳያዛቸው ቀስ ብለው ወደ ጥንዶቻቸው ተመለሱ። በወጥ ቤቱ በር ላይ ተሳስቀውበት አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት እንደዚያው አደረጉ፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ለወዳጃቸው ክብር ያደረጉት ነበር፤ ያስከተለው ግን ሌላ ነው። የሚያውቁት ሁሉ ሳይጠሩ ሲመለሱ፣ የተጠራውን ብቻ አድርጎ የቆመው ጀማሪ ብቻውን ይቀራል፤ እንደ ደንቆሮም ይታያል። ከጀማሪዎቹም መካከል የተጠራውን ብቻ በማድረግ ላይልን የሚስተካከል አልነበረም።

በእረፍት ሰዓት ሮክሳን የወረቀት ሳህን ላይ የዱባ ፓይ ይዛ መጣችና ማርሊስን ወደ ካፖርት መስቀያው ጎተተቻት። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ነው የተማሩት። ላይልን ወደዚህ እንድታመጣቸው የመከረቻትም ማርሊስ ነበረች፤ የሮክሳን እናት ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል፣ አባቷ ከሥራ መልስ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሬዲዮ ከመስማት በቀር የትም አይሄዱም ነበር።

«አቦ እውነቱን ንገሪኝ» አለች ሮክሳን። «አባቴ ፈዛዛ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም።»

«ታዲያ ሁሌ ለምን እሱ ብቻ? ሰው ሙድ እየያዘበት ነው። አይቼዋለሁ።»

ማርሊስ በሮክሳን ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ መድረኩ ተመለከተች። ኦርቪል የሙዚቃ ሸክላዎቹን በሣጥናቸው እየደረደሩ ከአንድ ጀማሪ ሴት ጋር ይቀልዱ ነበር። ነጭ ሸሚዛቸው ተተኩሷል፤ የገመድ ክራቫታቸው የብር ቁልፍ መብራቱን ይመልሳል። ከሩቅ ላያቸው ምንም የጎደላቸው ነገር አልነበረም።

«ትንሽ ልምምድ ነው የሚያስፈልጋቸው» አለች።

ያን ምሽት ወደ ቤት ሲመለሱ ኦርቪል ፒክአፑን እየነዱ ስለ ጀማሪዎቹ አንድ በአንድ አወሩ፤ የላይል ነገር እንደሚያሳዝናቸው፣ አንዳንድ ሰው ግን ሲፈጠር ለዚህ እንዳልተፈጠረ ተናገሩ። ማርሊስ በአያቶቿ መካከል ተቀምጣ ነበር። አፏን ልትከፍት ስትል የአያቷ የኢርማ እጅ ጉልበቷ ላይ አረፈ፤ እስከ ቤት ድረስም አልተነሣም። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ኦርቪል ፍሬን ይዘው ቆሙ። ቀጥታ ያለው መንገድና ወደ ግራ የሚታጠፈው መንገድ በመብራቱ ውስጥ እኩል ነጭ ሆነው ይታዩ ነበር። ኢርማ፣ ስለ አየሩ የምታወራ ያህል አቅልላ፣ «ወደ ግራ» አለች።

በማግስቱ ማርሊስ ሳህን እያደረቀች አያቷን ጠየቀቻት። እስከ መቼ ዝም እንደሚሉ፣ ለምንስ ለኦርቪል እንደማይነግሯቸው።

ኢርማ እጇን ከሳሙናው ውሃ አላወጣችም። «ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነግሮናል። መድኃኒት ግን አልነገረንም» አለች። «እርሻውን ለአጎትሽ ለቀቀ። ፒክአፑንም በቅርቡ ይለቃል። ሐሙስ ማታ ብቻ ነው የቀረው። እሱን ከወሰድሽበት ምን ትሰጪዋለሽ?»

ማርሊስ ሳህኑን ደርቆ ካበቃ በኋላ ብዙ ጊዜ ስትወለውል ቆየች።

ረቡዕ ዕለት በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ሮክሳን ከደብተሯ መሐል አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በንፋስ ወፍጮ ክፍሎች ማዘዣ ጀርባ ላይ፣ ማስመሪያ በተቀመጠለት የእርሳስ ጽሑፍ፣ ባለፈው ሐሙስ የተጠሩት ጥሪዎች በሙሉ በተራ ቁጥር ተጽፈዋል። ከጎናቸው ትናንሽ ክቦች አሉ፤ አራት ጥቁር፣ አራት ነጭ።

ሮክሳን እንደነገረቻት ላይል ማታ ከእናቷ የልብስ ስፌት ሣጥን ስምንት ቁልፎች አውጥተው፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በየጥሪው ሲያንቀሳቅሷቸው አመሹ። በሠሩት ቁጥር ነጮቹ ቁልፎች ከሌላ ሰው ቁልፍ ጎን ይቀራሉ። ከዘጠኝ ጊዜ በኋላ ቁልፎቹን ወደ ሣጥኑ መለሱ። ጥሪውን በትክክል አልሰማሁትም ማለት ነው፣ አሉ፤ ሠላሳ ዓመት ያወረደ ሰው አይሳሳትም።

«ነገ ለአባቴ የመጨረሻው ነው» አለች ሮክሳን። «ሳይሰናበቱ መቅረት ነውር ነው ብሎ ነው እንጂ ነገም ባልመጣ። ማማ ላይ ሲወጣ ራሱ የወፍጮውን ንድፍ ሦስቴ ማየት ጀምሯል። ራሱን አያምንም በቃ።»

ማርሊስ ወረቀቱን አነበበች። ሰባተኛው ጥሪ ልውውጡ ነበር። ስምንተኛው፣ ጥንዳችሁን ይዛችሁ ዙሩ የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ምንም አልተጻፈም፤ ምንም አልተጠራምና። ወረቀቱ እንከን የለውም ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ሮክሳን።

ማርሊስ ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፋ መለሰችላት። ደወሉ ተደወለ።

ሐሙስ ማታ ላይል በአዲስ ሸሚዝ መጡ። ኮታቸውን ግን በመስቀያው አልሰቀሉም፤ በሩ አጠገብ ባለ ወንበር ላይ አኖሩት። ኦርቪል ሸክላውን አስቀመጡ። የዳንስ ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ በአንደኛው ገጽ ሙዚቃው ብቻ፣ በሁለተኛው ያው ሙዚቃ ከከተማ አውራጅ ድምፅ ጋር። ኦርቪል ሁለተኛውን ገጽ አጫውተው አያውቁም። የሰው አፍ ተከራይቶ ከመጥራት ማረስ ይሻላል ይሉ ነበር።

ማርሊስ ከኤልዶን ጋር ሆና ከላይልና ከሮክሳን ፊት ለፊት ቆመች። መርፌው ሸክላውን ነካ። አያቷ ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደ ጥንቱ ሙሉና ሞቅ ያለ ነበር፤ እግር ሳያስበው ይከተለዋል። ስድስት ጥሪ አለፈ። ሰባተኛው መጣ፤ የሴቶች ልውውጥ። ማርሊስ በካሬው መሐል ሮክሳንን ተላልፋ ወደ ላይል ተሻገረች፤ ላይልም በተማሩት መንገድ እጇን ተቀብለው አዞሩና ከጎናቸው አቆሟት። እጃቸው ሻካራ ነበር፤ በጥንቃቄ ነበር የያዟት። ማርሊስ መመለሻውን ጠበቀች። በልቧ ለመነች ማለት ይሻላል።

«ጥንዳችሁን ይዛችሁ ዙሩ» አሉ ኦርቪል።

በሁለቱ ካሬዎች መላእክቱ ቀስ ብለው ተንሸራተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ጀማሪዎቻቸውንም ገፋ ገፋ እያደረጉ መለሷቸው። ኤልዶን ከወዲያ ሆነው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉላት። ማርሊስ አልተንቀሳቀሰችም።

«ሂጂ፣ ልጄ» አሉ ላይል በሹክሹክታ። «እኔው ነኝ የተሳሳትኩት።»

«አልሄድም።»

ኦርቪል ጥቂት እርምጃ ካዩ በኋላ መርፌውን አነሡ። የሚዞሩት ጥንዶች ቆሙ። ሊያርሙ ፈገግ ብለው ወደ ሦስተኛው ካሬ ዞሩ፤ የልጅ ልጃቸውን አዩ።

«ማርሊስ፣ ቦታሽ ወዲያ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?»

«አልጠራኸኝም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

ከወጥ ቤቱ የቡና ማፍያው ሲንጫጫ ይሰማ ነበር። ኢርማ የፓይ ቢላ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ኦርቪል ማይክሮፎኑን ዝቅ አደረጉ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ ጥሪዎቹን ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ሲያልፉባቸው ማርሊስ ከከንፈራቸው ታነብ ነበር። ልውውጡ ላይ ደረሱ። ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ እዚያው ሲደርሱ እንደገና ቆሙ። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አልነበረም። ያንን ለማየት ከማርሊስ በቀር አዳራሹ ውስጥ ዓይኑን ቀና ያደረገ ሰው አልነበረም።

«ምንድን ነው ያልጠራሁት?» አሉ።

መላእክቱ ጫማቸውን አዩ። ኤልዶን ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ጉልበታቸው አንድ ነገር ሊናገሩ ጀምረው ተዉት።

«መመለሻውን ይመስለኛል» አሉ ላይል። ከዚያ ፈጥነው፣ «ግን እኔ ልሳሳት እችላለሁ» ብለው ጨመሩ።

ማርሊስ ወደ ኢርማ ተመለከተች። አያቷ በዓይኗ ለመነቻት፤ ማርሊስም ልመናው ገባት።

«አልተሳሳቱም» አለች ለላይል፤ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ ግን። «ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳቱም።»

ሮክሳን በካሬው ማዶ ሆና ለረጅም ጊዜ አየቻት። ላይል የማርሊስን እጅ ለቀው በአየር ላይ የቀረውን እጃቸውን አዩና፣ ኪሳቸው ሳይከቱት እንደ ሰው ሁሉ ወደ ጎናቸው አወረዱት።

«ከመስከረም» አሉ ኦርቪል። ወደ ኢርማ ዞሩ፤ ኢርማ ዓይኗን አልሸሸገችም። ወደ ኤልዶን ዞሩ። ከዚያ አዳራሹን ሁሉ፣ ሠላሳ ዓመት ያወረዱለትን ሰው ሁሉ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ተመለከቱ። ማርሊስ ይቆጧት ዘንድ ተመኘች። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ነውረኛ ብለው፣ ከአዳራሹ ቢያስወጧት ቀላል ይሆን ነበር።

እሳቸው ግን ማይክሮፎኑን ማጥፊያውን ተጭነው አጠፉት። ሸክላውን ከማዞሪያው አነሡት። በሁለት እጃቸው ይዘው ጥቂት ቆዩና ገለበጡት። መርፌውን ሊያኖሩት ሲሉ አንድ ጊዜ ሳታቸው፣ ሁለተኛ ጊዜ ሸክላውን ጫረው። ማርሊስ ወደ መድረኩ ወጣች። እጃቸውን ከላይ ይዛ አብረው አወረዱት።

ኤልዶን ቦታቸውን ለቀው፣ በእውነት እያነከሱ ወደ ወንበሮቹ ሄዱ። ኦርቪል ከመድረኩ ወርደው፣ ማርሊስ እንደመራቻቸው፣ በኤልዶን ቦታ ቆሙ። ከድምፅ ማጉያው የማይታወቅ ሰው፣ ወጣት የሚመስል፣ ጥሪውን ጀመረ። ሃያ አራቱ ሰዎች መጀመሪያ ሐሳባቸውን መሰብሰብ አቃታቸው፤ ከዚያ እግራቸው ከዜማው ገባ። የኦርቪል እግር ከሁሉም ቀድሞ ገባ፤ አንድ ምት እንኳ አላጠፋም።

አንገታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘንበል አደረጉ። «ማን ነው ይሄ?»

«አንተው ነህ» ማለት ይቻል ነበር። ለአንድ አፍታ አምነው ደስ ይላቸው ነበር፤ ማርሊስም ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«የማላውቀው ሰው ነው፣ አባባ» አለች።

ትንሽ አዳመጡ። «ጥሩ ያወርዳል» አሉ።

ሰባተኛው ጥሪ መጣ። ማርሊስ እጃቸውን ለቃ ተሻገረች፤ ላይል ተቀበሏት፤ አዞሩና አቆሟት። ወዲያ ማዶ ሮክሳን ከኦርቪል ጎን ቆማለች። በአዳራሹ ሁሉ ማንም ያልተጠራውን አልሄደም፤ መላእክቱም በቆሙበት ጠበቁ። ከዚያ የማይታወቀው ሰው መመለሻውን በጊዜው ጠራ።

ሁለቱ ልጃገረዶች በመሐል ሲተላለፉ ሮክሳን እጇን ጨበጥ አድርጋ ለቀቀቻት። ይቅርታ ይሁን አይሁን ማርሊስ ማወቅ አልቻለችም። አያቷ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቋት ነበር፤ ከሩቅ አገር የምትመጣ ያህል ፊቷን ይመረምራሉ።

«መጣሽ?» አሏት።

«መጣሁ።»

ዘፈኑ ገና ግማሽ ነበር፤ ልውውጡ እንደገና እንደሚጠራ ታውቃለች። እስከዚያው እጃቸውን አጥብቃ ይዛ ዞረች።